ኪኒኑን በየትኛው ቤት ዋጥሽው?

ስለ ራሴ አስቀድሜ እኔው ልናገር፤ ሌላ ሰው ሲናገረው ያሳንሰዋል። ትምህርት ቤት የገባሁት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ሁሉ ራሴን ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። መምህሩም ተማሪውም እኔ ስለነበርኩ አንድም ጊዜ ወድቄ አላውቅም። ልደታ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ በአንድ ጃንጥላና በአንድ የጽሕፈት መኪና፣ ሠላሳ ዓመት ያህል የሰው ማመልከቻ ጽፌያለሁ። በእኔ ማመልከቻ ቤታቸውን ያስመለሱ አሉ፣ ሥራቸውን ያስመለሱ አሉ። ሚስቱን ያስመለሰም አንድ ሰው አለ። እሱ መንገድ ላይ ሲያየኝ ሰላም አይለኝም፤ ያ ግን የጽሑፉ ጥፋት አይደለም።

ሰዓት እጠግናለሁ። ራዲዮ እፈታለሁ፤ ከፈታኋቸው ውስጥ የሚበዙትን መልሼ ገጥሜያለሁ። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ከኤ እስከ ኤም በቃሌ አውቃለሁ። ከኤም በኋላ ያለው ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ስገዛው ተገንጥሎ ስለነበር በዚያ በኩል ኃላፊነት አልወስድም። የዕድራችንን መተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ በአንቀጽ ያረቀቅኩትም፣ ከተረቀቀ ጀምሮ ጸሐፊ ሆኜ የማገለግለውም እኔው ነኝ። አብነት ድረስ ሄዳችሁ “ጸሐፊው የት ነው የሚኖሩት?” ብትሉ ቤቴን የማያሳያችሁ የለም። አንዳንዱ ካሳያችሁ በኋላ “ሰፊ ጊዜ ካላችሁ ነው” ብሎ ይጨምራል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ይህ ሁሉ እውቀት ተሰብስቦ አንዲት ሴት አንዲት ኪኒን እንድትውጥ ማድረግ እንዴት እንዳቃተው ለመናገር ነው። ሴትየዋ ሚስቴ ናት።

ድሮ የምንኖረው ሰንጋ ተራ ነበር፤ ስድስት ቤተሰብ በአንድ ግቢ፣ አንድ የውሃ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ገመድ። ሰፈሩ ሲፈርስ ጎረቤቱ ተበተነ። አንዱ ጀሞ ሄደ፣ አንዱ ከከተማው ሌላ ጫፍ ወጣ። እኛ ዕጣ ቀንቶን እዚሁ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ደረሰን። ዕድራችን ግን አልፈረሰም። ሰው ሲሞት ከየአቅጣጫው በታክሲ እንሰበሰባለን። ልጆቻችን አግብተው ወጥተዋል፤ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ነን። እኔ እንዲህ አምን ነበር።

ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ሚስቴ እንዲህ አለችኝ፦

“አንተ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። እንዳታስረዳኝ ግን።”

“ንገሪኝ።”

“እዚህ ስተኛ አሮጌው ቤት እነቃለሁ።”

“ሕልም ነው።”

“እንዳታስረዳኝ አልኩህ እኮ!”

“አላስረዳሁሽም፤ ስሙን ነው የነገርኩሽ።”

ሻዩን አስቀመጠችና በእርጋታ ነገረችኝ። ሕልም ቢሆን ዛሬ ገደል፣ ነገ ባሕር ይሆን ነበር አለች። ይሄኛው ግን ይቀጥላል። ትናንት የዘፈዘፈችውን ልብስ ዛሬ ታጥበዋለች፣ ነገ ከገመዱ ላይ አውርዳ ታጣጥፈዋለች። ጎረቤቶቹ ሁሉ በየቤታቸው አሉ። እዚያ ሲመሽ ትተኛለች፤ ስትነቃ እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ ናት። “እዚያ ሆኜ ይሄን ፎቅ ሳስበው ሕልም ይመስለኛል፤ እዚህ ሆኜ ደግሞ ያንን። ታዲያ የትኛው ነው ሕልሙ?”

ሕልም የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ዲ ላይ ስለሚገኝ ጉዳዩ በእኔ ሥልጣን ውስጥ ነበር። ከሻይ እስከ ምሳ ድረስ አስረዳኋት። ስለ አእምሮ፣ ስለ ደም ዝውውር፣ ስለ ጨረቃም ጥቂት ተናገርኩ። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ “ደከመህ?”

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ እንደ ሌላው ጠባይዋ ለምጄው እኖር ነበር። ግን ሚስቴ የደም ግፊት አለባት፤ በየቀኑ ጠዋት አንዲት ነጭ ኪኒን ትውጣለች። አንድ ጠዋት እሽጉን ሳየው ኪኒኑ አልጎደለም።

“ዛሬ ኪኒንሽን ዋጥሽ?”

“ዋጥኩ።”

“መቼ? እኔ አላየሁሽም።”

“ውሃውን ያቀበልከኝ አንተ አይደለህም እንዴ?”

“እኔ ውሃ አላቀበልኩሽም።”

አሰብ አደረገችና “ልክ ነህ፣ እዚያኛው አንተ ነው” አለች።

ሐኪሙ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ቀን አስጠንቅቋታል፦ በቀን አንዴ ብቻ፤ ሁለቴ ከወሰዱት ግፊቱ ከልክ በላይ ወርዶ ይወድቃሉ። ሚስቴ የታዘዘችውን የምትጠብቅ ሴት ናት። እዚያ የዋጠች ቀን እዚህ በፍጹም አትውጥም። ብለምናትም፣ ብቆጣትም መልሷ አንድ ነው፦ “ሁለቴ ውጬ ልሙትልህ?” እንዲህ እያለች በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንዳንዴ አራት ቀን ሳትውጥ ትቀር ጀመር።

አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አዞራት። የደረጃውን ብረት ይዛ ነው የተረፈችው። ሐኪሙ ጋ ወሰድኳት። አእምሮዋንም እንዲፈትሽልኝ ጠየቅኩት። ቀኑን ጠየቃት፣ ነገረችው። ወሩን ነገረችው። ጾሙ ስንት ቀን እንደቀረው ሳይጠይቃት ነገረችው። እኔም ለማበረታታት ያህል ቀኑን አብሬ ተናግሬ ነበር፤ በአንድ ቀን ተሳስቻለሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ስንወጣ ለብቻዬ ጠራኝ። “ጋሼ፣ ጭንቅላታቸው ጤነኛ ነው። ግፊቱ ግን በዚህ ከቀጠለ አንድ ቀን ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ይፈሳል። ኪኒኑን ማስዋጥ የእርስዎ ሥራ ነው።”

“የእኔ ሥራ ከሆነ አለቀ በለው” አልኩት።

መጀመሪያ የጽሑፍ ማስረጃ አዘጋጀሁ። በትልልቅ ፊደል “ይህ እውን ነው” ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩበት፣ ለዚህ ጉዳይ ብዬ ያስቀረጽኩትን ክብ ቲተር መታሁበትና ከአልጋዋ ፊት ለፊት ለጠፍኩት። በማግስቱ ስትነቃ አየችው።

“እዚያም ለጥፈኸዋል” አለች።

“ምን ይላል የእዚያው?”

“ያው ነው። ማኅተሙ ግን የእዚያው ይበልጣል።”

ቀጥሎ ኪኒኑን ፈጭቼ ሽሮ ውስጥ ጨመርኩት። አንድ ጉርሻ ቀመሰችና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው። “ምንም የለውም ካልክ አንተ ብላው።” ምንም የለውም ብዬ በላሁት። እኔ የደም ግፊት የለብኝም። እስከ ማታ ድረስ ግድግዳ እየያዝኩ ነው የሄድኩት። እሷም ከኋላዬ እየተከተለች “ጨው የበዛበት መስሎኝ ነበር” ትለኛለች።

አንድ ቀን ስለዚያኛው እኔ ጠየቅኳት። ባልጠየቅኳት ይሻል ነበር።

“እዚያ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?”

“ደህና ነህ። ውሃ ትቀዳለህ። ዝም ትላለህ።”

“ዝም ስል? አላነብም?”

“እንጃ፣ ጠይቄህ አላውቅም።”

“ደንቡንስ የጻፍኩት እኔ አይደለሁም?”

“የምን ደንብ?” አለች። ያንን ሰውዬ ከዚያች ቀን ጀምሮ ጠላሁት። በገዛ ሚስቴ የቀናሁት በራሴ መሆኑን ሳስበው ደግሞ ይበልጥ ያናድደኛል።

እንዲህ ስንል አራት ቀን በተከታታይ ሳትውጥ ቀረች። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ዓይኖቿ ቀልተው፣ ራሷን በሻሽ ጠፍራ አስራ፣ ነጠላዋን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቃ ለብሳ ሳሎን ተቀምጣ አገኘኋት። ታለቅሳለች።

“ምን ሆንሽ?”

“ሹፌሩ ሞተ።”

ሹፌሩ የድሮ የግቢ ጎረቤታችን ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቶ ከሚስቱ ጋር ጀሞ ኮንዶሚኒየም ይኖራል። በስንት ወር አንዴ በዕድር ላይ እንገናኛለን።

“ማን ነገረሽ?”

“ማን ይነግረኛል፤ እዛው ነበርኩ። ድንኳኑ ግቢያችን ተተክሎ አመሸሁ። እዚህም ልሂድ እንጂ፤ ሚስቱ ምን ትለኛለች? በአንዱ ለቅሶ ደርሳ በሌላው ቀረች አትለኝም?”

በዚያች ደቂቃ አእምሮዬ በራ። ሠላሳ ዓመት ከፍርድ ቤት በር የተቀመጥኩት በከንቱ አልነበረም! ሹፌሩ ጀሞ ላይ ቆሞ ከታየ እዚያ የሞተው ሕልም ነው። እዚያ ሕልም ከሆነ እዚያ የተዋጠው ኪኒንም ሕልም ነው። ስለዚህ እዚህ ትውጣለች። በሰው ምስክር የሚረጋገጥ ነገር ነው። ምስክሮቹም ሁለቱንም ቤት የሚያውቁ፣ የድሮው ግቢ ሰዎች መሆን አለባቸው። ደግሞም ምስክር አስቀድሞ መዘጋጀት የለበትም፤ ጉዳዩን ከሰማ ቃሉ ይበላሻል። ስልኬን አንስቼ የዕድራችንን ሊቀመንበር ደወልኩለት።

“አሁኑኑ ጀሞ፣ ሹፌሩ ቤት ና።”

“ምነው? በደህና?”

“በስልክ የሚነገር አይደለም።”

“ጉዳዩ… የሱ የራሱ ነው?”

“የሱ የራሱ ነው።”

“እሷስ?”

“እሷ ምንም አልሰማችም፤ እንዳትነግራት። እቤታቸው እንዳትደውሉ።”

“እሺ” አለ በቀጭን ድምፅ፤ “እግዜር ያጽናሽ በልልኝ እስክደርስ።”

ለማን እንደሚል አልገባኝም። እንደ እርጅና ቆጠርኩበት። ለሌሎች ሁለት ጎረቤቶችም እንዲሁ ደወልኩ። አንደኛዋ ስልኩን ሳትዘጋው ጣለችው።

አንባቢዬ ነገሩ ገብቶት እየሳቀብኝ ይሆናል። መርዶ በስልክ አይነገርም። “ና፣ በስልክ አይሆንም” ከተባለ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ይህንን የማያውቅ በአገሩ የለም። እኔ ደግሞ ከማወቅም አልፌ በዕድሩ ደንብ ውስጥ “መርዶ በስልክ አይነገርም” የሚለውን አንቀጽ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ስንቱን ሰው በዚያው አነጋገር ለቅሶ ጠርቻለሁ። የዚያን ቀን ግን ስለ ሕግ እያሰብኩ ስለነበር ሰው መሆኔን ረሳሁት።

ሚስቴን ደግፌ በሜክሲኮ በኩል በሁለት ታክሲ ጀሞ ደረስን። በመንገድ ላይ ራሷን እንደያዘች ነው፤ አንዴ “ጆሮዬ ላይ ይጮህብኛል” አለችኝ። እኔ በልቤ የመከራከሪያ ንግግሬን እየደረደርኩ ነበር።

ወደ ሕንፃው ስንጠጋ የሴቶች እሪታ ሰማሁ። ሦስት ሰው ጠርቼ ከሃያ የማያንስ ሰው መጥቷል። ሁሉም ጥቁር ለብሷል። በሩ ላይ አንድ አይሱዙ ቆሞ የዕድሩ ድንኳንና አግዳሚ ወንበሮች እየወረዱ ነው። የድንኳኑን ረጅም ብረት ከአንድ ጫፍ ሊቀመንበሩ ይዞታል። ሌላውን ጫፍ የያዘው ሹፌሩ ነው።

ሹፌሩ ከፎቁ የወረደው ድንኳን ሲመጣ አይቶ ነው። ከሕንፃው ሰው የሞተ መስሎት፣ እንደ ደንቡ ሊያግዝ ነጠላ ጫማውን እንዳደረገ ሮጦ መጣ። ሊቀመንበሩ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ እያነባ ስለነበር ብረቱን ማን እንደያዘለት አላየም።

“ማነው የሞተው ወንድሜ?” ይላል ሹፌሩ።

“አይ፣ ምን ይባላል” ይላል ሊቀመንበሩ፤ “ትናንት የነበረ ሰው።”

“ሽማግሌ ነው?”

“እንዳንተው…” ብሎ ቀና አለ። ብረቱን ለቀቀው። ብረቱ የሹፌሩ እግር ላይ አረፈ፤ ሹፌሩም መሬቱን የሚያናውጥ ጩኸት ጮኸ። ሴቶቹ የሟች ዘመድ የጮኸ መስሏቸው እሪታውን ደገሙት።

ይባስ ብሎ የሹፌሩ ሚስት ከገበያ ደረሰች፤ በአንድ እጇ ሽንኩርት፣ በሌላው ጎመን ይዛለች። ድንኳኑን አየች፣ የድሮ ጎረቤቶቿን በጥቁር አየች፣ እሪታውን ሰማች። ሽንኩርቱን በትና “ወይኔ ባሌን!” ብላ መሬት ልትወድቅ ስትል ባሏ በአንድ እግሩ እየዘለለ መጥቶ ደገፋት።

“እዚህ ነኝ! ምን ሆነሻል?”

“አንተ!” አለችና በጎመኑ ትከሻውን መታችው። “ካልሞትክ ምን ልትሠራ ታስለቅሰኛለህ!”

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔ አግዳሚ ወንበር ላይ ወጣሁ፤ ንግግር የሚጀመረው ከፍ ካለ ቦታ ነው።

“የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣ ዛሬ እዚህ የተሰበሰብነው…”

“ውረድ” አለ ሹፌሩ፣ እግሩን እያሸ። “መጀመሪያ ውረድ ጸሐፊው፤ ከዛ እንነጋገራለን።”

ወረድኩ። ነገሩን ሁሉ መሬት ላይ ቆሜ ነገርኳቸው። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አንድ ሁለት ነገር አለኝ፤ አልጽፈውም። እኔ ግን ስድቡን እየሰማሁም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ማስረጃዬ ቆሟልና፣ በአንድ እግሩም ቢሆን። ወደ ሚስቴ ዞርኩ።

“አየሽው? ሹፌሩ አልሞተም።”

ሚስቴ ሰዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ተመለከተች። ድንኳኑን አየች፣ የተበተነውን ሽንኩርት አየች፣ በገዛ ለቅሶው ላይ የቆመውን ሰውዬ አየች። ከዚያ ቀስ ብላ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

“አሁን ገባኝ” አለች። “ሕልሙ ይሄ ነው።”

“እንዴት ይሄ ነው?”

“አንተ ሰውዬ፣ በእውን እንዲህ ያለ ነገር ይሆናል? ሟች የራሱን ድንኳን ሲተክል? በማላውቀው ሰፈር የሰንጋ ተራ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ? እዚያ እኮ ሰው ሲሞት ይሞታል። ሥርዓት አለው። እንኳን ደስ ያለህ፣ አሳየኸኝ። ከእንግዲህ እዚህ ምንም ኪኒን አልውጥም፤ በሕልም መድኃኒት ምን ያደርጋል?”

በግንባሯ ላይ የደም ሥሯ ሲመታ ይታየኛል። በአራት ቀን ሳይዋጥ የቀረውን በልቤ ቆጠርኩ። አምስት፣ ስድስት ብዬ ወደፊትም ቆጠርኩና አቆምኩ።

ከሽንኩርቱ ለቃሚዎች መካከል የሹፌሩ ሚስት ተነሥታ መጣች። ፊደል የቆጠረች ሴት አይደለችም፤ ስሟን የምትፈርመው በጣቷ ነው። ከሚስቴ አጠገብ ተቀመጠች።

“ቆይ እህቴ፤ እዚያ ኪኒኑን ዋጪ የሚልሽ ማነው? እሱ ነው?”

“እሱ መች ያስታውሳል። አንቺ ነሽ እንጂ። ጠዋት በግድግዳው ‘ዋጥሽ ወይ?’ እያልሽ ታንኳኪያለሽ።”

“አንኳኳ ነበር እውነት። ስልክስ አለን እዚያ?”

ሚስቴ አሰበች። “የለንም። ሱቁ ጋ ብቻ ነው ያለው።”

“በቃ! ስደውልልሽ አንዷን ዋጪ። ሳንኳኳ የዋጥሽው ከስልኩ ጋር አይገናኝም፤ የየቤቱ ነው። ሁለት ቤት ያላት ሴት ለሁለት ቤት ታበስል የለ? አንደኛው ቤት በልተናል ብላ ሌላውን ጦሙን ታሳድራለች?”

“ሁለቴ እንዳይሆንብኝ ፈርቼ እኮ ነው።”

“በአንድ ስልክ አንድ። ሁለት አይሆንም። ሕልም ይሁን አይሁን ምን አገባሽ? በሕልምስ ብትታመሚ ደስ ይልሻል?”

ሚስቴ ሳቀች፤ በሳምንቱ ውስጥ ሳቋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። የሹፌሩ ሚስት ከቦርሳዋ ስልኳን አወጣች፣ አጠገቧ የተቀመጠችውን ሚስቴን ደወለችላት። ሚስቴም አነሣችው። “አቤት” አለች። “ዋጪ” አለቻት። ኪሴ ውስጥ የነበረውን እሽግ አቀበልኳት፤ ሹፌሩ እያነከሰ ውሃ አመጣ። ዋጠች።

እኔ ለዚህ ስንት ወር ስንት መጽሐፍ አገላብጬ ነበር። እሷ ጎመን ይዛ ነው የፈታችው።

እንግዲህ ከዚያ ቀን ወዲህ የቻልኩትን ልዘርዝር፤ ሰው የሠራውን መናገር አለበት።

የመጡትን ሰዎች ሁሉ እየደወልኩ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ሊቀመንበሩን ሦስት ጊዜ ደውዬለታለሁ፤ ሁለቱን ዘግቶብኛል።

የሹፌሩን እግር ለማሸት ሁለት ጊዜ ጀሞ ሄጃለሁ። በሦስተኛው “እባክህ ይዳን ተወው” ብሎኛል።

በዕድሩ ደንብ ላይ “ጸሐፊው ለአባላት ስልክ አይደውልም” የሚል አንቀጽ ጨምሬያለሁ። ካቀረብኳቸው አንቀጾች ሁሉ ያለ ክርክር በአንድ ድምፅ የጸደቀው ይህ ብቻ ነው።

የግፊት መለኪያውን ክንዷ ላይ ማሰር ተምሬያለሁ። ቁጥሩን ነግሬያት ማብራሪያ ሳልጨምር ዝም ማለትን ገና እየተማርኩ ነው፤ እስከ አሁን ሁለት ጊዜ ተሳክቶልኛል።

ሐኪሙ “ግፊቱ ወርዷል፤ ጎበዝ ጋሼ” ሲለኝ “እኔ አይደለሁም፣ አንዲት የጀሞ ሴት ናት” ለማለት አፌን ከፍቻለሁ። የወጣው ቃል ግን “አመሰግናለሁ” የሚል ነበር።

“የትኛው ነው ሕልሙ?” ብላ ስትጠይቀኝ “እንጃ” ማለት ችያለሁ። የመጀመሪያ ቀን ስለው “አሞሃል?” ብላ ግንባሬን ነካች።

ትናንት ጠዋት ስልኩ ሳይጠራ አረፈደ። ኔትወርክ ተቋርጦ ነው። ሚስቴ ኪኒኑን በመዳፏ፣ ውሃውን በሌላ እጇ ይዛ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። እኔ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ልናገረው የምችለው ብዙ ነገር ነበረኝ፤ ስለ ኔትወርክ ብቻ እንኳ ግማሽ ሰዓት አይበቃኝም። አንዱንም አልተናገርኩም። ስልኩ ሲጠራ አላነሣሁትም። እሷ አነሣችው፣ “አቤት” አለች፣ ዋጠች።